ያልተፋቀው በር

እኔ ቀለም ቀቢ ነኝ፤ የግድግዳ ሳይሆን የላሜራ። ኮምቦልቻ ውስጥ ከባለቤቴ ጋር ሁለት ክፍል ያላት ወርክሾፕ ነበረችን። በአንደኛው ክፍል እሱ ላሜራ ቆርጦ፣ አጥፎና በይዶ የኤሌክትሪክ ቦርድ ሳጥን ይሠራል። በሁለተኛው ክፍል እኔ ሳጥኑን በብርጭቆ ወረቀት አሽቼ፣ ፀረ ዝገት አልብሼ፣ በኮምፕሬሰር ቀለም እረጨዋለሁ። ቀለሙ ሲደርቅ ሳጥኑ ወደ እሱ ክፍል ይመለስና ብሬከሩና ሽቦው ይገባበታል። የአስራ አንድ ዓመት ትዳራችን ጠብ በሙሉ የነበረው እዚህ መመለሻው ላይ ነው።

ያ ሰው ሳጥኑን ተረክቦ ገና ጠረጴዛው ላይ ከማስቀመጡ ሞረዱን ያነሳል። ከውስጥ በኩል ታች ጥግ ላይ የሳንቲም ስፋት ያህል፣ በሩም ላይ እንዲሁ የሳንቲም ስፋት ያህል፣ ብረቱ እስኪያበራ ድረስ ቀለሜን ይፍቀዋል። ከዚያ ብሎን ያስገባና አረንጓዴና ቢጫ የሆነችውን የግራውንድ ሽቦ በጥርሳም ሮንዴላ፣ ጠርዙ ጥርስ ባወጣ የብረት ቀለበት፣ አድርጎ ያስራታል። እኔ አጠገቡ ቆሜ እሳደባለሁ።

"ይሄን ቀለም እኮ የረጨሁት አቧራ በጥፍሬ እየለቀምኩ ነው! አሁን እንደ አይጥ ትቦጫጭቀዋለህ?"

"አብሽሪ የኔ ሸጋ፤" ይለኛል ሳይዞር። "ያገባሁሽ ቀለምሽን ለመፋቅ መሆኑን እስካሁን አላወቅሽም?"

ንዴቴ ሲበርድልኝ ቁጭ ብሎ ያስረዳኛል። ቀለም ኮረንቲ አያሳልፍም። ብሎኑን የቱንም ያህል ብታጠብቂው ከሥሩ ቀለም ካለ ሽቦዋ የያዘችው ቀለሙን እንጂ ብረቱን አይደለም። "ይቺ ሽቦ ዕድሜዋን ሙሉ ሥራ ፈት ናት፤" ይል ነበር። "ሞተር አታዞር፣ አምፖል አታበራ። አንድ ቀን ግን ኮረንቲው መንገዱን ስቶ ሳጥኑን የነካ እንደሆነ፣ ሰው ላይ ሳይደርስ ይዛው ወደ መሬት የምትወርደው እሷ ናት። ብረቱን ካልነካች ግን እንዳልነበረች ቁጠሪያት።" እኔም ገባኝ እላለሁ። በሚቀጥለው ሳጥን ደግሞ ያው ስድቤን እቀጥላለሁ። እሱ ስድቤን የሥራው አካል አድርጎት ነበር፤ ዝም ካልኩ አሞኛል ብሎ ግንባሬን ይዳብሳል።

ይህን ሁሉ የማወራው አባቴ የሞተው በዚያች በሳንቲም ስፋት ምክንያት ስለሆነ ነው። ሰው የሚያውቀው ባለቤቴ በሩን ሳይፍቅ እንደቀረ ነው። እሱም በሽማግሌ ፊት ያለው እንደዚያው ነው። እውነቱ ግን እጁን የያዝኩት እኔ ነኝ። አባቴ ከሞተ ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ይህንን ለእናቴም ለወንድሞቼም አልተናገርኩም። በእኔ ጥፋት የባሌ ስም ሲጠፋ እያየሁ ዝም አልኩ።

አባቴ ደሴ ውስጥ፣ ከሰኞ ገበያ ከፍ ብሎ፣ ወፍጮ ቤት ነበረው። በወጣትነቱ ከቃሉ ቆላ ወጥቶ ደሴ የገባ፣ የደሴን ብርድ አርባ ዓመት ሲራገም የኖረ ሰው ነው። ወፍጮውን የሚያስኬደው በጆሮው ነበር። ድንጋዩ ሲደነዝ፣ እህሉ እርጥበት ሲኖረው፣ ቀበቶው ሲላላ ከድምፁ ያውቃል። ሴቶቹ ዱቄቱን በጣታቸው አሽተው "ሻከረብን" ከማለታቸው በፊት እሱ ድንጋዩን አስተካክሎ ይጠብቃቸዋል። በጦርነቱ ጊዜ ቤተሰቡ ሸሽቶ ሲመለስ ወፍጮ ቤቱ ባዶውን ጠበቀው። ሞተሩ የለም፣ ኬብሉ የለም፣ ቦርዱ ከነሳጥኑ ከግድግዳው ተነቅሏል። የቀረው ድንጋዩ ብቻ ነበር። አባቴ ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብሎ "አልሐምዱሊላህ፤ የሚሸከመው ቢገኝ እሱም አይቀርም ነበር" ብሎ ሳቀ አሉ። እኔ ሳቁን አላመንኩትም፤ በስልክ ድምፁን ስሰማ ሰውዬው አርጅቷል።

ወንድሞቼ ተጋግዘው ሞተሩን አመጡ። ቦርዱ የእኛ ድርሻ ሆነ።

ለዚያ ቦርድ የደከምኩትን ያህል ለማንም ደክሜ አላውቅም። አረንጓዴውን ራሴ በጠበጥኩት፤ ቢጫ ጠብ እያደረግኩ የእሸት ማሽላ ቅጠል እስኪመስል አስተካከልኩት። ለደንበኛ ሁለት ጊዜ ነው የምረጨው፣ ለአባቴ አራት ጊዜ ረጨሁ። ሳጥኑ ፀሐይ ሲያርፍበት ፊቴን ያሳየኝ ነበር። አባቴ ለመጣ እንግዳ ሁሉ በሩን ከፍቶ ውስጡን እንደሚያሳይ ስለማውቅ፣ በበሩ ውስጠኛ ገጽ ላይ ደግሞ በቀጭን ብሩሽ አንድ የማሽላ ራስ ሳልኩበት። ራሱ ጎንበስ ያለ፣ አገዳው እስከ በሩ ታችኛው ጠርዝ የሚወርድ። ባለቤቴ ለግራውንድ ብሎን የበሳት ቀዳዳ አገዳው መሐል ላይ ወደቀች። እኔም ቀዳዳዋን የአገዳው አንጓ አስመስዬ ዙሪያዋን በቡናማ ቀለም አስዋብኳት። በዚያች አንጓ የተኩራራሁትን ያህል በምንም አልተኩራራሁም።

ባለቤቴ ጎንበስ ብሎ አየው። "አባባ ይሄን ሲያዩ ያለቅሳሉ" አለኝ። ሞረዱን ያኔ አላነሳም። የበሩን ሽቦ እዚያው ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ሳጥኑን ከሰቀልን በኋላ እናስረዋለን ብሎ አስቀመጠው።

ሳጥኑን በብርድ ልብስ ጠቅልለን በአይሱዙ ጭነን የሐረጎን ዳገት ወጣን። እኔ ጋቢና አልቀመጥም ብዬ ከኋላ ሳጥኑን አቅፌ ነው የሄድኩት። ደሴ ስንደርስ ጭጋግ ነበር። አባቴ ብርድ ልብሱን ሲገልጠው እጁን ቀለሙ ላይ እንዳያሳርፍ ወደ ኋላው ያዘ። ከዚያ በሩን ከፈተና ማሽላውን አየ። አላለቀሰም። "የጋሻ መሬታችን ማሽላ ነው፤ ራሱ ነው" አለና እናቴን ሊጠራ ወጣ። ዕድሜ ልኬን ከሰማኋቸው ምርቃቶች ሁሉ ያቺ ንግግሩ ትበልጥብኛለች።

ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ ሽቦውን ጨረሰ። የቀረው በሩ ብቻ ነበር። በበሩ ላይ ማብሪያና ማጥፊያ ቁልፎች አሉ፣ አመልካች መብራቶችም አሉ፤ ስለዚህ ኮረንቲ ያለባቸው ሽቦዎች ከሳጥኑ ወደ በሩ ያልፋሉ። ሞረዱን አነሳና አንጓዋ ላይ አሳረፈው። ከእጁ ነጠቅሁት።

"ይሄን ነክተህ እኔና አንተ እንተያያለን!"

"ከብሎኑ ሥር መፋቅ አለበት። ትንሽ ናት፣ ሮንዴላው ይሸፍናታል።"

"አገዳውን ትቆርጠዋለህ። ዋናው ሳጥን ተፍቆ የለ? በሩስ ሳጥኑ ላይ የተንጠለጠለ አይደለም? ብረት ለብረት ምን ቀረው?"

"ማጠፊያውም ቀለም ነው። አራት ጊዜ ረጭተሽዋል።"

አባቴ ከኋላችን ቆሞ ይስቃል። "ተዋት ልጄ" አለው። "ደሴ እንዲሁም ብርድ ነው፤ እሷ ደግሞ ካኮረፈች መኖሪያም አይሆን።"

"እርስዎ ካሉ እንግዲህ" አለ ባለቤቴ። አባቴን አየ፣ እኔን አየ፣ ሞረዱን የያዘ እጄን አየ። እናቴ የምሳውን ሰሐን ይዛ ከበራፉ ላይ ቆማ እሷም እየሳቀች ነበር። ባለቤቴ ብሎኑን በቀለሙ ላይ አስገባው፤ ከፊትም ከኋላም ጥርሳም ሮንዴላ አድርጎ ጥርሶቹ ቀለሙን ይነክሱ እንደሆነ ብሎ እስኪያልበው አጠበቀው። በመለኪያው ሲሞክረው ጮኸ፣ ይዟል ማለት ነው። ፊቱ ግን አልፈታም።

"አሁን ይዟል፤" አለኝ ቀስ ብሎ፣ እነሱ እንዳይሰሙ። "ግን በጥርስ ጫፍ ነው። ወፍጮ ሲንቀጠቀጥ ይውላል። ነገ መያዙን እንጃ።"

"ነገ የአላህ ነው" አልኩት። የማምንበትን ነገር ለማላምንበት ጉዳይ መሸፈኛ አደረግኩት።

እዚያ ላይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ራሴን ይቅር እለው ይሆናል። ለአረፋ በዓል ወደ ደሴ ስንወጣ ግን ባለቤቴ በኮቱ ኪስ ውስጥ ሞረድና ቁልፍ ሸሽጎ ይዞ ነበር። ምሳ በልተን ከተቀመጥንበት ቀስ ብሎ ሊነሳ ሲል ኪሱ ሲንኳኳ ሰማሁ። "በአረፋ ቀን? ሰው ሁሉ ተሰብስቦ? ያንን በር ካልቦጨቅኩ አላርፍም ነው?" አልኩት፤ ወንድሞቼ ሁሉ ሳቁበት። አፍሮ ተቀመጠ። እስኪመሽ ድረስ እጁ ኪሱ ውስጥ ነበር። በሚቀጥለው ስንመጣ አለ። በሚቀጥለው ስንመጣ የመጣነው ለቀብር ነው።

ሁለተኛው ክረምት ላይ ነበር። የአስር ሰላት ደርሶ አባቴ ከወፍጮ ቤቱ ደጅ ካለችው ቧንቧ ውዱእ አደረገ። እጁን እስከ ክርኑ፣ እግሩን እስከ ቁርጭምጭሚቱ ታጠበ። ነጠላ ጫማውን ሊያጠልቅ ሲል ከውስጥ የድንጋዩ ድምፅ ተለወጠበት፤ እህሉ አልቆ ወፍጮው ባዶውን ይፈጭ ጀምሮ ነበር። ይሄን ድምፅ ሰምቶ ሁለት እርምጃ መጠበቅ የማይችል ሰው ነው። በባዶ እግሩ፣ በእርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ገባ። ቦርዱን ሲያጠፋ በግራ እጁ የበሩን እጀታ ይዞ በቀኙ ቁልፉን መጫን ልማዱ ነበር። እጀታው ቀለም የለውም፣ በሩን በስቶ የገባ ነጭ ብረት ነው። በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር እየታጠፈ የኖረ አንድ ሽቦ ልባሱ ተበልቶ፣ ቀለሙንም ፍቆ የበሩን ብረት ነክቶ ነበር። ዱቄቷን ልትወስድ የቆመች ሴት እንደነገረችን፣ አባቴ ድምፅ እንኳን አላወጣም። ቢስሚላህ ሲል ብቻ ሰማሁት አለች፤ ሁልጊዜ ቁልፉን ሲጫን የሚላት ናት።

እኔ ያን ሰዓት ኮምቦልቻ፣ አፌን ሸፍኜ የአንድ ሆቴል ቦርድ እየረጨሁ ነበር። ስልኩን ያነሳው ባለቤቴ ነው። ወደ ክፍሌ ገብቶ ኮምፕሬሰሩን አጠፋው። ሥራ ላይ እያለሁ ኮምፕሬሰሬን አጥፍቶ አያውቅም፤ በዚያ ነው ያወቅሁት።

በማግስቱ ከቀብር መልስ የቀበሌው ሰዎች ያመጡት ኤሌክትሪሺያን ቦርዱን ከፍቶ አየ። ሳጥኑን ለካ፣ ደህና ነው። በሩን ለካ፣ መለኪያው ዝም አለ። ብሎኑን በጣቱ ነካ ሲያደርገው ዞረለት፤ ከሥሩ ያለው ቀለሜ የሮንዴላ ጥርስ ጭረት ይዞ እንደ አዲስ ያበራል። "እዚህ ጋ ቢፋቅ ኖሮ ብሬከሩ ወርዶ ያበቃ ነበር። ማን ነው የሠራው?" ብሎ ጠየቀ። ለቅሶ ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ወደ ባለቤቴ ዞረ። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ብሎ አንዱ ሲያንሾካሹክ ሰማሁ። አማቹ ቦርድ ሠሪ ሆኖ አማቱ በቦርድ ሞተ ማለቱ ነው።

ነገሩ ወንድሞቼን አነደዳቸው። ሽማግሌዎች በሦስተኛው ቀን ግቢያችን ውስጥ ተሰበሰቡ። ባለቤቴን መሐል አስቀመጡት። እኔ ከእናቴ አጠገብ ከሴቶቹ ጋር ነበርኩ።

"በሩን ሳልፍቀው ነው ያሰርኩት" አለ። "መፋቅ እንዳለበት አውቅ ነበር። ሥራው የኔ ነው፣ ጥፋቱም የኔ ነው።"

አንደኛው ሽማግሌ በዝግታ ጠየቁት። "ካወቅህ ለምን ሳትፍቀው ቀረህ ልጄ?"

ወደ እኔ አልዞረም። ይዞር ይሆናል ብዬ ከእናቴ ኋላ ሸሸት አልኩ። "ቸኩዬ ነው" አለ።

በአስራ አንድ ዓመት ውስጥ ያ ሰው ሲቸኩል አይቼው አላውቅም። አንድ ብሎን ሦስት ጊዜ የሚያጠብቅ፣ ምግብ እንኳን ቀስ ብሎ እየበላ የሚያናድደኝ ሰው ነው። ውሸቱን እዚያ ግቢ ውስጥ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም ብዬ አሰብኩ። ተነሺና ተናገሪ ይለኛል ልቤ፤ አልተነሳሁም። ወንድሞቼ በእሱ ላይ ሲጮሁ አየሁና በእኔ ላይ ሲጮሁ ታየኝ። ፈራሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም፤ ፈርቼ ነው። ነጠላዬን ወደ ፊቴ ስቤ መሬት መሬት አየሁ። ሽማግሌዎቹ ቀደር ነው፣ አላህ የጻፈው ነው አሉ፣ ዱዓ አደረጉ፣ ወንድሞቼም ለሽማግሌ ሲሉ አውፍ ብለው ይቅር አሉት። ትልቁ ወንድሜ ግን እጁን አልሰጠውም።

የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ሚኒባሱ ውስጥ ጎን ለጎን ነበርን። "ለምን አልነገርካቸውም?" አልኩት።

"ምኑን?" አለኝ። ነገሩ ከዚያ ወዲህ በመሐላችን አልተነሳም።

ስም እንደ ቀለም ተፍቆ እንደገና አይረጭም። አማቱን የገደለ የሚለው ወሬ ከደሴ ኮምቦልቻ ለመውረድ ሳምንት አልፈጀበትም። ደንበኞች አንድ በአንድ ቀሩ። እሱም ሽቦ መንካት ተወ፤ ላሜራ ብቻ ይቆርጣል። ሳጥኔን አድርቄ ወደ ክፍሉ ስወስድለት እጁን አጣምሮ ያየዋል። አንድ ቀን እኔው ራሴ ሞረዱን አንስቼ በፊቱ አንዱን ጥግ ፋቅኩት። ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። ወጥቶ ሄደ፤ ከዚያም እህቱ ቤት ገባ፣ የአንድ እህል መጋዘን ውስጥ የጆንያ ሸክም ሥራ ያዘ። አልፈታኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። የማለቅሰው ስድቤን የሚችለኝ እሱ ብቻ ስለነበረ ነው።

ሥራውን ተማርኩት፤ ካየሁት ሌላ ጠይቄም ተማርኩ። አሁን ሳጥን ስቀባ የግራውንዱን ቦታ አስቀድሜ በፕላስተር እሸፍነዋለሁ፤ ቀለሙ ሲደርቅ እልጠዋለሁ፣ ብረቱን እስኪያበራ እፍቀዋለሁ፣ አስሬ እለካዋለሁ፣ እንዳይዝግ ከላዩ ግራሶ እቀባዋለሁ። በሩንም ለብቻው። ይሄን ያህል ቀላል ነገር ነበር። ፕላስተሩን ያኔ አስቤው ቢሆን ኖሮ ማሽላዬንም እዚያው ዙሪያውን እስለው ነበር። ይሄ ሐሳብ አንዳንድ ቀን የያዝኩትን ሥራ ያስጥለኛል።

ባለፈው ሰሞን እናቴ ወፍጮ ቤቱ ይከፈት አለች። የሰፈሩ ሴቶች እህል ተሸክመው ፒያሳን አቋርጠው ነው የሚያስፈጩት፤ ይሄ አባትሽን ደስ አይለውም አለችኝ። ቦርዱን አንቺ ሥሪው አለች። ትልቁ ወንድሜ በስልክ አንድ ነገር ብቻ ጨመረ፣ "ያ ሰውዬ እንዳይነካው።" እሺ አልኩት። 

አዲሱን ሳጥን ግራጫ ቀባሁት። ምንም አልሳልኩበትም። ደሴ ወስጄ ከድሮው ቦታ ሰቀልኩት። እናቴ ሥራ በፈታው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ ታየኛለች። የበሩን ፕላስተር ላጥኩና ሞረዱን አንስቼ መፋቅ ጀመርኩ። ድምፁ በዚያ ባዶ ቤት ውስጥ ትልቅ ነበር። መሐል ላይ ሞረዱን አስቀመጥኩት።

"እማ" አልኳት። "ያን ጊዜ ሊፍቀው ነበር። ሞረዱን የነጠቅሁት እኔ ነኝ። በአረፋም ሊፍቀው ነበር፤ የከለከልኩት እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ" አለች።

ዞሬ አየኋት።

"ሰሐኑን ይዤ እዚያ ቆሜ አልነበር? ያኔ አልገባኝም፤ ስቄያለሁ። የኤሌክትሪኩ ሰውዬ ብሎኗን በጣቱ ሲያሳየን ገባኝ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"ያንቺን አፍ ስጠብቅ። ልጄ ራሷ ትናገራለች ብዬ ሁለት ክረምት ጠበቅሁሽ።" ድንጋዩን በመዳፏ ትዳብሳለች፣ ድምፅዋ አልጨመረም። "አባትሽን የወሰደው አላህ ነው፤ ሞቱን ላንቺም ለባልሽም አልሰጥም። እኔን የቆረጠኝ ሌላ ነው። ያ ሰው ቸኩዬ ነው ሲል ቀና ብለሽ እንኳን አላየሽውም።"

ይሄን ስትለኝ አለቀስኩ ብል ማጋነን አይሆንም፤ ድንጋዩ ሥር ተቀምጬ እንደ ሕፃን ነው ያለቀስኩት። እሷ አላባበለችኝም። ስጨርስ "በይ ጨርሺው፤ ወንድሞችሽን ጠርቻለሁ" አለችኝ። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ይባላል፤ እኔ ሩቅም ደረቅም ከሆነ በኋላ ነው የተናገርኩት። ወንድሞቼ እዚያው ወፍጮ ቤት ቆመው ሰሙኝ። የጠበቅሁት ጩኸት አልመጣም። ትልቁ ወንድሜ እጁን አየ፤ ያን ቀን ያልሰጠውን እጅ። ከዚያ ወጣ።

በማግስቱ ወደ ኮምቦልቻ ወርጄ ሳልቀመጥ መጋዘኑ ሄድኩ። ባለቤቴ የምሳ እረፍት ላይ ነበር፤ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ዳቦውን በዚያው በሚያናድደኝ ዝግታ ይበላል። ፀጉሩ ሸብቷል። ቆሜ ሁሉንም ነገርኩት፤ ለእናቴ ማለቴን፣ ለወንድሞቼ ማለቴን፣ ለሽማግሌዎቹም አርብ እንደምናገር። ስሙ እንደሚጸዳለት። ደስ እንዲለው ጠብቄ ነበር፤ በዚያውም ወደ ቤቱ የሚመለስም መስሎኝ ነበር።

ዳቦውን አስቀመጠው። "ለምን ነገርሻቸው?"

"እውነቱ ስለሆነ።"

"እውነቱንማ እኔም አውቀዋለሁ።" ዓይኑ ሲሞላ አየሁት፤ በአባቴ ቀብር ላይ እንኳን እንዲያ አልሆነም። "ካንቺ ጋር መኖር አልቻልኩም። ሳይሽ አባባ ይመጡብኛል። ላንቺ ላደርግልሽ የቀረኝ ነገር ጥፋቱን ይዞ ዝም ማለት ብቻ ነበር። አሁን ምን ይዤ ልቀመጥ?"

 የጭነት መኪና ጥሩምባ ሲነፋ ተነሳ፤ ሱሪውን አራገፈ። ጣቶቼን አየ፤ ሞረዱ የላጣቸውን።

"የወፍጮውን በር ፋቅሽው?" አለኝ።

"ፋቅኩት።"

"ለካሽው?"

"ሦስት ጊዜ።"

"ደግ አደረግሽ" አለኝና ወደ ጆንያዎቹ ሄደ።